«በጎግል ይቀጥሉ»፦ የመግቢያ ቁልፍን በአማርኛና በራስ መልክ ስለማዘጋጀት

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔና አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና በጣና ላይ ወዳሉት ደሴቶች በሞተር ጀልባ የሚሄዱ መንገደኞች ከቤታቸው ሆነው ቦታ የሚይዙበት የአንድሮይድ መተግበሪያ እየሠራን እንገኛለን። መተግበሪያው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ቀለሙንም ከጣና ደንገል ወስደን አረንጓዴ አድርገነዋል። ያስቸገረን የመግቢያው ገጽ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የጎግልና የፌስቡክ የመግቢያ ቁልፎች አሉ፤ ሁለቱም ከላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ካዘጋጁት የኮድ ስብስብ፣ የመጡ ዝግጁ ቁልፎች በመሆናቸው ጽሑፋቸው እንግሊዝኛ ነው፣ ቁመታቸው አይመጣጠንም፣ ከቀረው ገጽ ጋርም አይስማሙም። የጎግሉን ጽሑፍ ለመለወጥ ብንሞክር ቁልፉ ትዕዛዙን አልቀበል አለ። አንድ ወዳጃችን የቁልፉን ውስጥ ፈትሾ ጽሑፉን በግድ የሚቀይር አጭር ኮድ ሰጠን፤ በእኔ ስልክ ላይ ሠራ፣ በጓደኛዬ ስልክ ላይ ግን ፊደሎቹ ከላይ ተቆርጠው ታዩ። በመጨረሻ የራሳችንን ቁልፍ ሠርተን የጎግልን አርማ ብናስገባበት አርማው ሳንነካው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ጓደኛዬም «እንዲያውም አማረበት፣ እንዲሁ ይቅር» ይላል። እንዲህ ማድረግ ይፈቀዳል? ትክክለኛው መንገድስ የትኛው ነው?

የጀልባው መተግበሪያ ሠሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳዩ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ቢመስልም ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም። መንገደኛው ወደ መተግበሪያዎ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካው ይህን ቁልፍ ነው፤ በዚያች ቅጽበትም ስሙንና የኢሜይል አድራሻውን ፊቱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ለመስጠት እየወሰነ ነው። ስለዚህ በቋንቋው እንዲያነበውና የማን በር እንደሆነ ሳይጠራጠር እንዲነካው ማድረግ የእርስዎ ግዴታ ነው።

በቅድሚያ ሰው የሚያየው ቁልፍና ቁልፉ ሲነካ የሚከናወነው ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናስቀምጥ። ቁልፉ ሲነካ መተግበሪያዎ ለጎግል ወይም ለፌስቡክ ጥያቄ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው በእነርሱው ገጽ ላይ አካውንቱን መርጦ ይስማማል፤ ድርጅቱም ማንነቱን የሚመሰክር ቶክን ይመልሳል፤ ይህ ቶክን ወደ ሰርቨራችሁ ተልኮ እውነተኛነቱ ይመረመራል። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ቁልፉ በላይብረሪው የተሠራ ይሁን በእርስዎ እጅ የሚጠይቅ የለም። በፌስቡክ በኩል ሎጊንማናጀር የሚባለውን ክፍል ከማንኛውም ቁልፍ መጥራት ይቻላል፤ በጎግልም በኩል እንዲሁ ነው። የራሳችሁን ቁልፍ ለመሥራት መነሣታችሁ ስለዚህ ትክክል ነው፤ የቀረው በምን ወሰን ውስጥ እንደምትሠሩት ማወቅ ነው።

ወዳጃችሁ የሰጧችሁን አጭር ኮድ በተመለከተ ግን እንድትተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። የጎግል ዝግጁ ቁልፍ፣ ሳይንኢንበተን የሚባለው፣ ስሙ ቁልፍ ይሁን እንጂ በውስጡ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሣጥን ነው። ሣጥኑ የመጠንና የቀለም ምርጫ ይቀበላል፣ ጽሑፍ ግን አይቀበልም። የተሰጣችሁ ኮድ የሣጥኑን ልጆች አንድ በአንድ እየዞረ ጽሑፍ የሚይዘውን ሲያገኝ በእንግሊዝኛው ምትክ አማርኛውን ይተክላል። እኔም ከዓመታት በፊት ይህንኑ አድርጌ ነበር፤ ለብዙ ወራት ሲሠራ ቆይቶ ላይብረሪውን ባሳደስሁ ማግስት የቁልፉ ውስጣዊ አቀማመጥ ስለተለወጠ አማርኛው ጠፍቶ እንግሊዝኛው ተመለሰ፣ ይህንንም ያወቅሁት ከተጠቃሚዎች በመጣ ስሞታ ነው። ሠሪው ለራሱ የደበቀውን ነገር ፈልፍሎ የሚሠራ ኮድ ሠሪው በፈለገ ቀን ይፈርሳል፤ መፍረሱንም አስቀድሞ የሚነግርዎ የለም። ከዚህም በላይ ይህ ቁልፍ የሚገኝበት የቀድሞው የአንድሮይድ ላይብረሪ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ተመድቧል። አሁን የሚመከረው ክሬደንሻል ማናጀር የተባለው የአንድሮይድ የመግቢያ ላይብረሪ ሲሆን በእርሱ ዘንድ ቁልፉን የሚሠሩት ራስዎ ነዎት።

ወደ ክሬደንሻል ማናጀር ስትሸጋገሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አካውንት የሚጠየቅባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ከስክሪኑ ሥር ብቅ የሚለው የአካውንት መምረጫ መስኮት ነው፣ ሌላው ተጠቃሚው ቁልፍ ሲነካ እንዲሠራ የተዘጋጀው ጥያቄ ነው። በቁልፋችሁ ላይ የመጀመሪያውን ካሰራችሁና «ቀድሞ የፈቀዱ አካውንቶችን ብቻ አሳይ» የሚለውን ቅንብር ካበራችሁ፣ መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ መንገደኛ ቁልፉን ቢነካ ምንም አይወጣለትም። እርሱም ቁልፉ የተበላሸ ይመስለዋል። ለቁልፍ የተዘጋጀውን ጥያቄ ተጠቀሙ።

የፌስቡኩ ዝግጁ ቁልፍ ጽሑፍን በሕጋዊ መንገድ የሚቀበልበት ቦታ ስላለው በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ በራሱ ጊዜ ወደ መውጫ ቁልፍነት ስለሚለወጥ የመውጫውንም ጽሑፍ በአማርኛ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ አማርኛ የሚያነበው ተጠቃሚ በድንገት እንግሊዝኛ ይገጥመዋል። ሁለቱ ቁልፎች እኩል ቁመት እንዲኖራቸው ከፈለጋችሁ ግን ሁለቱንም ራሳችሁ መሥራታችሁ ይሻላል።

አሁን ወደ አረንጓዴው አርማ ልምጣ። አርማው የተለወጠው በምትሃት አይደለም። ማቴሪያል በተን የሚባለው የአንድሮይድ ቁልፍ በላዩ የሚቀመጠውን ማንኛውንም ምስል በጽሑፉ ቀለም የመቀባት ልማድ አለው፤ ይህም አይከን ቲንት በሚባል ቅንብር የሚመራ ነው። ለራሳችሁ የመልሕቅ ወይም የጀልባ ምስል ይህ ጥሩ ነው፤ አራት ቀለም ያለው የጎግል ምልክት ላይ ሲመጣ ግን ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን አንድ አድርጎ ይደፍነዋል። ቅንብሩን ባዶ፣ ማለትም ናል፣ ካደረጋችሁት አርማው ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳል። ጄትፓክ ኮምፖዝ የተባለውን የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አይከን በሚለው ፈንታ ኢሜጅ የሚለውን መጠቀም፣ ወይም የአይከኑን ቲንት አንስፔሲፋይድ ማለት ይበቃል።

«አማረበት፣ እንዲሁ ይቅር» የሚለውን የጓደኛዎን ሐሳብ ግን ልቀበለው አልችልም። የጎግል የአጠቃቀም ደንብ አርማው በተለመዱት ቀለሞቹ እንዲቀርብ ያዛል፤ ለቁልፉም ብርሃናማ፣ ጨለማና ገለልተኛ የሆኑ ሦስት መልኮችን አዘጋጅቷል፤ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ወይም እንደ እንክብል የዞረ ሊሆን ይችላል። ፌስቡክም ምልክቱ በዘፈቀደ ቀለም እንዲቀባ አይፈቅድም። እኔ ግን ከደንቡ በፊት የምመለከተው መንገደኛውን ነው። ያንን ምልክት በስልኩ ላይ በየቀኑ ስለሚያየው በዓይኑ ያውቀዋል፤ ቀለሙ ሲለወጥበት «ይህ የእውነት ጎግል ነውን?» ብሎ መጠራጠሩ ተገቢ ነው፤ የአጭበርባሪዎች ገጽ ከእውነተኛው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ጉድለት ነውና። ተጠቃሚዎቻችሁ የተዛባ አርማ ሲያዩ እንዲጠነቀቁ እንጂ እንዲለምዱት አታድርጓቸው።

አረንጓዴውን የምታሳርፉበት ሌላ የተሻለ ቦታ አለላችሁ። በአገራችን ከኢሜይል ይልቅ ስልክ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ በመግቢያው ገጽ ላይ «በስልክ ቁጥር ይቀጥሉ» የሚል የራሳችሁ ቁልፍ ጨምሩ፣ እርሱንም በደንገል አረንጓዴ ቀቡት። ቁጥሩን ስትቀበሉ በ09 የሚጀምረውን ብቻ ሳይሆን በ07 የሚጀምረውንም ተቀበሉ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር የያዘ ሰው በየቦታው አለ፣ ዛሬም ግን ይህንን ቁጥር «የተሳሳተ ነው» ብለው የሚመልሱ ቅጾች ያጋጥሙኛል። የጎግሉና የፌስቡኩ ቁልፎች በዚህ ቁልፍ ሥር በነጭ መደብ ላይ፣ በእኩል ቁመትና በእኩል ስፋት ይቀመጡ። ጎግል የእርሱ ቁልፍ ከሌሎች ድርጅቶች የመግቢያ ቁልፎች ባነሰ ሁኔታ እንዳይታይ ስለሚጠይቅ አንዱን አግዝፎ ሌላውን ማሳነስ አይገባም።

ስለ ጽሑፉ ረዘም አድርጌ ብናገር አይፍረዱብኝ፤ አማርኛችንን ወደ ስልክ ስናስገባ በብዛት የምናበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ጉዳይ የግሡ መልክ ነው። «ግባ» ብትሉ ሴቶችን ትተዋላችሁ፣ «ግቢ» ብትሉ ወንዶችን፤ በዚያ ላይ ሁለቱም ለማያውቁት ሰው የሚባሉ አይደሉም። የጀልባ ነጂው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊሳለሙ የመጡትን እናት «ግቢ» እንደማይላቸው ሁሉ መተግበሪያውም በአክብሮት «ይግቡ» ማለት አለበት። እኔ ግን ከ«ይግቡ» ይልቅ «ይቀጥሉ» የሚለውን እመርጣለሁ። በእነዚህ ቁልፎች በኩል አዲስ የሚመዘገበውም ቀድሞ የተመዘገበውም በአንድ በር ነው የሚገባው፤ «ይግቡ» ሲባል አካውንት ያልከፈተው ሰው «እኔ ገና አልተመዘገብሁም» ብሎ ያመነታል፣ «ይመዝገቡ» ሲባል ደግሞ የተመዘገበው ግራ ይጋባል። ጎግል የሚያቀርባቸው የቁልፍ ጽሑፎች የመግባት፣ የመመዝገብና የመቀጠል ትርጉም ያላቸው ስለሆኑ «ይቀጥሉ» በደንቡ ውስጥ የሚገኝ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛው ግሡን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ፕሮግራመሮች የግሡን ሐረግ አንድ ጊዜ ጽፈው የድርጅቱን ስም ከኋላው ይቀጥሉበታል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «በ»ም ከስሙ ጋር ስለሚጣበቅ፣ እንዲህ የተገጣጠመ ኮድ «ይቀጥሉ በ» ዓይነት የተሰባበረ ንግግር ይወልዳል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛው የጽሑፍ ማኅደር ውስጥ ለየብቻ መጻፍ ነው። የድርጅቱን ስም በራሱ በላቲን ፊደል ለመተው ከወሰናችሁ፣ እኔም በቁልፍ ላይ ይህን እመክራለሁ ምክንያቱም ፌስቡክ ስሙ በሌላ ፊደል እንዳይጻፍ ይጠይቃልና፣ «በ»ን ከስሙ ሳትለዩ አያይዛችሁ ጻፉት። በመካከል ክፍተት ከተዋችሁ ጠባብ ስክሪን ላይ «በ» ብቻዋን በላይኛው መስመር ትቀርና ስሙ ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛው የፊደላችን ቅርጽ ነው፤ በጓደኛዎ ስልክ ላይ ጽሑፉ የተቆረጠበትም ምክንያት በአብዛኛው ይህ ነው። ሮቦቶ የተባለው የአንድሮይድ መደበኛ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ስልኩ አማርኛ ሲገጥመው ወደ ሌላ ፎንት፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ይሻገራል፤ የዚህ ፎንት መስመር ደግሞ ከላቲኑ የበለጠ ቁመት ይፈልጋል። ቁልፉ በማይለወጥ ቁመት ሲታሰር የፊደሎቹ ራስ ወይም እግር ከሣጥኑ ውጭ ይቀራል፣ ተጠቃሚው በስልኩ ላይ ፊደል ያተለቀ እንደሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ቁልፉን «ቁመቱ ቢያንስ 48 ዲፒ ይሁን፣ ጽሑፉ ቢፈልግ ይደግ» በሚል ስልት አዘጋጁት። ዲፒ የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ ሲሆን፣ 48 ዲፒ አንድሮይድ በጣት ለሚነካ ነገር የሚመክረው ትንሹ ልክ ነው፤ ወደፊት ለአይፎን ስትሠሩ የአፕል ልክ 44 ነጥብ መሆኑን ያዙ። እግረ መንገዴን፣ በቀድሞዎቹ የማቴሪያል ቁልፎች ላይ የላቲን ፊደልን ሁሉ ወደ ትልቅ የሚቀይር ቅንብር በራሱ በርቶ ይመጣል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አማርኛው እንዳለ ይቀራል፣ በመካከሉ ያለው የድርጅት ስም ግን ሁሉም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይጮኻል፤ ቅንብሩን አጥፉት።

አሁን የተናገርሁት ሁሉ መተግበሪያው ራሱ አማርኛ መሆኑን ለስልኩ ካላሳወቃችሁ ግማሽ ሥራ ነው። የብዙ ሰው ስልክ በእንግሊዝኛ የተቀመጠ ነው፤ ከላይብረሪ የሚመጡ ገጾችና መልእክቶች ደግሞ በተለምዶ የስልኩን ቋንቋ ይከተላሉ። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የየራሱን ቋንቋ መምረጥ የሚቻል ሲሆን አፕኮምፓት በተባለው ላይብረሪ አማካይነት ይህንኑ በቆዩ ስልኮች ላይም ማድረግ ይቻላል። ጽሑፎቹን በኮድ ውስጥ በቀጥታ ሳይሆን በአማርኛው ማኅደር ካስቀመጣችሁና የመተግበሪያውን ቋንቋ አማርኛ ካላችሁት ከቀሪው ብዙው በራሱ ይስተካከላል።

ቀለሙን ስትመርጡ ደግሞ ስክሪኑን በቢሮ ጥላ ሥር ብቻ አትፈትኑት። መንገደኞቻችሁ መተግበሪያውን የሚከፍቱት ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል፣ የቀትር ፀሐይም ከላይ እየወረደ ከሐይቁም ላይ እየተንጸባረቀ ወደ ዓይናቸው ይመጣል። በእንዲህ ያለው ብርሃን ፈዛዛ አረንጓዴ ላይ የተጻፈ ግራጫ ጽሑፍ ጨርሶ አይነበብም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃሉ፤ ለእናንተ ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ይሁን። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱና የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቁልፎቹን አንብቡ። የማይነበበውን በዚያው ታውቁታላችሁ።

ከመልኩ አልፎ ቁልፉ ከተነካ በኋላ የሚያሳየው ጠባይም የማስተካከያው አካል ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ቁልፉን የነካ ሰው ምንም ለውጥ ካላየ ደግሞ ይነካዋል፣ ሦስተኛም ይነካዋል። ስለዚህ ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው ይደንዝዝ፣ ማለትም ዳግመኛ ንክኪ አይቀበል፣ በጽሑፉም ፈንታ «በመገናኘት ላይ…» የሚል ይታይበት። ተጠቃሚው ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ ከተመለሰ ይህ ስህተት ስላልሆነ ቀይ ማስጠንቀቂያ አታሳዩት፤ ቁልፉን ብቻ ወደ ቀድሞ መልኩ መልሱለት። በፌስቡክ ለሚገቡት ደግሞ አንድ አካባቢያዊ ጉዳይ አለ፤ ከእኛ ሰው ብዙው የፌስቡክ አካውንቱን የከፈተው በስልክ ቁጥር በመሆኑ ኢሜይል ብትጠይቁ ባዶ ሊመለስላችሁ ይችላል። ኢሜይልን የግድ አድርጎ የሚጠብቅ ኮድ በዚያ ላይ ይሰበራል። ተጠቃሚውን የምትለዩበት መታወቂያ ድርጅቱ የሚሰጠው ቋሚ የአካውንት መለያ ቁጥር ይሁን፤ ኢሜይል ቢመጣ ይመዝገብ፣ ባይመጣ ግን ሰውየው ጀልባውን አይጣ።

መተግበሪያችሁን ወደ አይፎን ስትወስዱ የአፕልን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ። በጎግል ወይም በፌስቡክ የሚያስገባ መተግበሪያ ከስምና ከኢሜይል ያለፈ መረጃ የማይሰበስብ፣ ኢሜይልን ለመደበቅ የሚያስችልና ያለ ፈቃድ ለማስታወቂያ የማይከታተል ሌላ አማራጭም እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ የአፕል የራሱ መግቢያ ይህን ስለሚያሟላ ብዙው ሰው እርሱን ይጨምራል። የአፕል ቁልፍ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ጠርዝ ያለው ነጭ ሊሆን ይችላል፣ ማዕዘኑን ማዞር ይፈቀዳል፣ አረንጓዴ ማድረግ ግን እዚያም አይቻልም።

ጥያቄ፦ እኔ በጎርጎራ በኩል ለሚገኙ ዓሣ አስጋሪዎች የዋጋ ማሳወቂያ የሆነች ትንሽ መተግበሪያ ሠርቻለሁ። የጎግል መግቢያ ቁልፉን በራሴ መልክ ከቀየርሁት በኋላ በእኔ ስልክ በሚገባ ይሠራል፤ ከፕሌይ ስቶር ያወረዱት ሰዎች ግን ቁልፉን ሲነኩ ቁጥር 10 የሚል ስህተት ይመጣባቸዋል። ቁልፉን በመቀየሬ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ቁልፍዎን አይንኩት። ቁጥር 10 በመተግበሪያው ምዝገባ ላይ ስህተት መኖሩን የሚገልጽ ምልክት ሲሆን እንደ እርስዎ ባለው ሁኔታ መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ የመተግበሪያው የፊርማ አሻራ ነው። ጎግል ጥያቄው የመጣው ከእውነተኛው መተግበሪያ መሆኑን የሚያውቀው በስሙና ሻ-1 በሚባለው የፊርማ አሻራ ነው። በኮምፒውተርዎ ላይ ሲሠሩ መተግበሪያው በእርስዎ የፊርማ ቁልፍ (በጣት የሚነካው የስክሪን ቁልፍ አይደለም) ይፈረማል፤ ወደ ፕሌይ ስቶር ሲጭኑት ግን ስቶሩ ራሱ በያዘው ሌላ የፊርማ ቁልፍ ዳግመኛ ይፈርመዋል፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ወዲህ ለአዳዲስ መተግበሪያዎች ይህ ግዴታ ሆኗል። ሰዎቹ የሚያወርዱት ይህን ሁለተኛ ፊርማ የያዘውን ስለሆነና አሻራው ስላልተመዘገበ ጎግል አያውቀውም። የመተግበሪያ ባለቤቶች መቆጣጠሪያ ወደሆነው ፕሌይ ኮንሶል ገብተው ስለ መተግበሪያ ፊርማ ከሚናገረው ገጽ ላይ የስቶሩን አሻራ ይቅዱና ከእርስዎ አሻራ ጎን ይመዝግቡት፤ የቀድሞውን አያጥፉት፣ ለሙከራ ያስፈልግዎታል። ፌስቡክን ከጨመሩም ይኸው አሻራ ይፈለጋል፣ ነገር ግን የሚጻፍበት መልክ ይለያል። ጎግል በሁለት ነጥብ የተለያዩ 20 ጥንዶች አድርጎ ሲያሳይ ፌስቡክ በ28 ምልክቶች የተጻፈ ኪ ሃሽ ይጠይቃል፤ አንዱን በሌላው ቦታ መለጠፍ አይሠራም።

ጥያቄ፦ እኔ መተግበሪያ ሠሪ አይደለሁም፤ ተጠቃሚ ነኝ። «በፌስቡክ ይቀጥሉ» የሚለውን ስነካ የመተግበሪያው ባለቤት የይለፍ ቃሌን ያየዋል? ልጆቼ «አያይም፣ ዝም ብለሽ ንኪ» ይሉኛል፣ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናታችን፣ ልብዎ አለማረፉ ተገቢ ነው። ሥርዓቱ በትክክል ከተሠራ የመተግበሪያው ባለቤት የይለፍ ቃልዎን ፈጽሞ አያየውም፤ ቃሉን የሚጽፉት በፌስቡክ በራሱ መተግበሪያ ወይም በስልክዎ ብሮውዘር ላይ በተከፈተ የፌስቡክ ገጽ ነውና። በመግቢያው ሂደት መተግበሪያው የሚደርሰው እርስዎ የፈቀዱት መረጃ፣ ለምሳሌ ስምዎና ፎቶዎ፣ ነው። አስጊው ነገር መተግበሪያው በራሱ ሆድ ውስጥ መስኮት ከፍቶ የፌስቡክን የሚመስል ገጽ ሲያሳይዎ ነው፤ በዚያ መስኮት የሚጽፉትን ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ጎግልና ፌስቡክ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 በአንድሮይድ መተግበሪያዎች ውስጥ በተከፈተ እንዲህ ያለ መስኮት መግባትን ዘግተዋል። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት በላዩ የድረ ገጹ አድራሻ መታየቱንና የፌስቡክ መሆኑን ይመልከቱ፤ አድራሻ የሌለው ገጽ የይለፍ ቃል ቢጠይቅዎ ሳይጽፉ ይውጡ። የጎግሉ ደግሞ ለመለየት ይቀልላል፤ አካውንትዎ በስልክዎ ላይ ካለ ብዙውን ጊዜ የትኛው አካውንት እንደሆነ እንዲመርጡ ብቻ ነው የሚጠየቁት።

ፈቃድዎን መልሰው መውሰድ ቢፈልጉ በፌስቡክ ቅንብር ውስጥ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ከሚለው ሥር፣ በጎግል ደግሞ በአካውንትዎ የደኅንነት ገጽ ላይ ግንኙነቱን ማቋረጥ ይችላሉ። ይህ ወደፊት የሚሰጠውን ፈቃድ ይዘጋል፤ ቀድሞ የተሰጠው መረጃ ግን በባለቤቱ ሰርቨር ላይ ይቀራል። እርሱም እንዲጠፋ ከፈለጉ በመተግበሪያው ውስጥ «አካውንቴን ሰርዝ» የሚለውን ይፈልጉ፤ አፕልም ጎግልም አካውንት የሚያስከፍቱ መተግበሪያዎች ሁሉ ይህን እንዲያዘጋጁ ያስገድዳሉ። ካላገኙት በፕሌይ ስቶር የመተግበሪያው ገጽ ላይ ወደሚገኘው የባለቤቱ ኢሜይል እንዲሰርዝልዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በጽሑፉም ውስጥ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይጥቀሱ፣ የላኩበትንም ቀን ይያዙ።